ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ እንዲናገሩ መቼ ዕድል ሰጠናቸው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቤቴ ደሴ ነው። በሳምንት አምስት ቀን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርጄ፣ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በቅርቡ በዚሁ ገጽ የወጣ የአንድ አንባቢ አስተያየት ነው። ጸሐፊው የዛሬ ተመራቂ ዲግሪ ይዞ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ አስተካክሎ መናገር አይችልም ብለዋል። ምክንያቱ ስንፍና ነው፣ ወጣቱ ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው ሲሉም ጨምረዋል።

አለመናገራቸው እውነት ነው። እኔም በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ስንፍና ነው መባሉን ግን መቀበል አልቻልኩም። ጋዜጣውን ሚኒባስ ውስጥ ነበር ያነበብኩት። ሐረጎ ላይ ጉሙ ወርዶ መኪናው በእርምጃ ይሄድ ስለነበር ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ቤቴ ገብቼም ከሐሳቤ አልወጣም።

ተማሪዎቼን ላስተዋውቃችሁ። የማታ ክፍል ነው፤ 46 ናቸው። ብዙዎቹ ከሥራ በቀጥታ ነው የሚመጡት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ አለ። መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አለች። ባጃጅ የሚነዳ አለ፤ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይገባል። ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ የምትመጣ አለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትምህርታቸው ተቋርጦ፣ ኋላ እንደገና የጀመሩም አሉ። እነዚህን ልጆች ሰነፍ ማለት ይከብደኛል።

የእንግሊዝኛ ደረጃቸው መካከለኛ የሚባለው ነው። ሰዋስው ያውቃሉ። ፓሲቭ ቮይስ ስጧቸው፣ ገልብጠው ያመጡላችኋል። አንድ ገጽ አንብበው ጥያቄውን ይመልሳሉ። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ተምረውታል። ከ9ኛ ክፍል ወዲህ ደግሞ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። 12 ዓመት ማለት ነው። ግን «ትናንት ምን ሠራችሁ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዓይን ሁሉ ወደ ዴስክ ይወርዳል።

አንዷን ልንገራችሁ። በጽሑፍ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ናት። ስትናገር የሻርፏን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። የመጀመሪያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነበር። «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» አሏት። ስሟን ተናገረች። ከዚያ ወዲያ አልቀጠለችም። በማግስቱ ክፍል ስትመጣ ዓይኗ አብጧል። «ቲቸር፣ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ እኮ» አለችኝ። «አፌ ላይ ግን አልመጡልኝም።»

ይህችን ልጅ ማን አስተምሮ ነው እንዲህ የሆነችው? እኛ ነን። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርናት ሰዎች ነን።

አንድ ቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ 50 ደቂቃ ነው። እኔ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ 46ቱም ተራ በተራ ቢናገሩ ለአንዱ የሚደርሰው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ግን መምህር ዝም አይልም። አንድ ቀን ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ራሴን ቀዳሁ። ማታ ስሰማው ደነገጥኩ። ከ50ው ደቂቃ 37ቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። የትምህርቱ ርዕስ ደግሞ «የንግግር ክህሎት» ነበር።

እኛም የተማርነው እንዲሁ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ ፕላዝማን ያስታውሳል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ መልሱን ራሱ ይናገራል። እኛ ገና ጥያቄውን ወደ አማርኛ እያዞርን ነን። አንድ ቀን የክፍላችን መምህር አስነስተው ጠየቁኝና «ኮምፎርተብል» የሚለውን ቃል «ኮምፎርት ቴብል» ብዬ አነበብኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሳቁ አምልጧቸው ነው። እኔ ግን እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ እጄን አላወጣሁም። ዛሬ አስተማሪ ሆኜ አፍ የሚሸፍን ልጅ ሳይ ያ ቀን ነው ትዝ የሚለኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያስተካከልኩት ዝምታዬን ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመምህራንን ጥያቄ አጥንታ ነበር። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ሳይጠየቅ የሚናገረውም በዛ። ያ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለሚማሩ ልጆች ነው። የእኔ ተማሪ በሁለተኛ ቋንቋ ነው የሚያስበው። እኔ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነው። አሥር ሰከንድ ዝምታ ክፍል ውስጥ በጣም ይረዝማል። ግን ሰባት ላይ፣ ስምንት ላይ አንድ ሰው ይጀምራል።

ዝም ብዬ ስጠብቅ ሌላም ነገር አየሁ። የሚቆሙበት ቦታ አንድ ነው። «አይ» ይላሉ፣ በእንግሊዝኛ «እኔ» ለማለት። ከዚያ እንደገና «አይ»። ከዚያ ወዲያ የለም። ለምን እዚያ ላይ እንደሚቆሙ ሳስበው አማርኛችን ትዝ አለኝ። እኛ «ትናንት ከሥራ ወደ ቤቴ ስሄድ ሰኞ ገበያ አጠገብ የድሮ ጓደኛዬን አገኘሁት» እንላለን። ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። እስኪደርስ ድረስ እያሰብን እንሄዳለን። እንግሊዝኛ ጊዜ አይሰጥም፤ ከባለቤቱ ቀጥሎ ወዲያው ግሡን ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ ግሡን ገና አላሰበውም። ባለቤቱም ቢሆን ያስቸግራል። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ብርድ መታኝ» ስንል አድራጊው እኔ አይደለሁም፤ ነገሩ ነው እኔ ላይ የመጣው። «ኮልድ ሂት ሚ» ያለችኝ ተማሪ ሰነፍ አይደለችም። አማርኛዋን በትክክል ነው ያመጣችው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ጎን ለጎን ጽፌ ያሳየኋቸው ቀን አንዱ «ለካ ደንቁረን አይደለም!» አለ። ፊታቸው ሲፈታ ማየት ነበረባችሁ።

አነጋገራችን የሐበሻ ነው እያሉ የሚሸማቀቁም አሉ። እኔ ስለ ቅላጼ ብዙም አልጨነቅም። ቃሉ ውስጥ ጠንክሮ የሚነገረውን ክፍል ግን አጥብቄ አስተምራለሁ። እኛ ስናጠብቅና ስናላላ ትርጉም ይለወጣል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃው ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ ጫናው የሚያርፍበት ቦታ ሲለወጥ ትርጉሙም ይለወጣል። መጀመሪያው ላይ ጫን ካሉት «ፕሬዘንት» ስጦታ ነው፤ መጨረሻው ላይ ጫን ካሉት «ፕሪዘንት» ማቅረብ ነው። በዋናና በዋና ከጀመርኩ ማንም አይጠፋበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጆቹ የሚናገሩት ስለ ምንድን ነው? መጽሐፋችን ላይ ያለው የንግግር መልመጃ ስለ ባሕር ዳርቻ ዕረፍት ነበር። 46ቱም ባሕር አይተው አያውቁም። በአማርኛ እንኳ የሚሉት የላቸውም። መጽሐፉን ዘጋሁትና «የምታውቁትን ሥራ አስረዱን፤ እኛ የማናውቀውን» አልኳቸው።

የፋብሪካው ልጅ ተነሳ። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል፣ የማሽኑ ድምፅ ይመስለኛል። የአንዷን ነጠላ ለመነና ተቀበላት። በሁለት ዴስኮች መካከል ወጠረው። ርዝመቱን በጣቱ እየተከተለ «ዚስ ኢዝ ድር» አለ። ከዚያ ቆመ። «ኢንግሊሽ አይ ዶንት ኖው። በት ሉክ።» ሌላኛዋን ክር አሳየ፤ ማጉን ማለቱ ነው። እጁን እንደ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ አስኬደ። «ፋስት፣ ፋስት፣ ኦል ዴይ።» ድንገት እጁን አቆመ። «ናው ስቶፕ።»

ባለ ባጃጁ ከኋላ «ዋይ?» አለ። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የጠየቀው ስለ ማርክ አይደለም። ማሽኑ ለምን እንደሚቆም ማወቅ ስለፈለገ ነው።

የፋብሪካው ልጅ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። አንዲቱ ክር ላይ አንጠለጠለው። በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ እንዲህ ያለች ቀጭን ብረት ተንጠልጥላ ትውላለች። ክሩ እስካልተበጠሰ ድረስ ክሩ ይይዛታል። ሲበጠስ ትወድቃለች። ስትወድቅ ማሽኑ ራሱ ያውቃል፣ ይቆማል። እሱ ይህን ሁሉ እንዲህ ነው ያለው፦ «ስሬድ ካት። ስሞል አይረን ፎል ዳውን። ማሽን ኖው። ማሽን ስቶፕ። አይ ካም፣ አይ ታይ፣ ማሽን ጎው።» ቁልፉ ዴስኩ ላይ ሲወድቅ ቃ አለ። ክፍሉ በሙሉ «አሃ!» አለ። እኔም ጭምር። ስንት ዓመት ፋብሪካው አጠገብ ስመላለስ ይህን አላውቅም ነበር።

ሰዋስው ከቆጠርን ብዙ ጎድሎታል። ግን ሰባት ደቂቃ ተናግሯል። አሥራ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ መልሷል። ሲጨርስ ድር «ዋርፕ»፣ ማግ «ዌፍት» እንደሚባል ነገርኩት። መዳፉ ላይ ጻፋቸው። ቃል የሚያዘው እንዲህ ሲፈለግ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚናገሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። የኒው ዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን በስፋት ያስተዋወቀው ነው። ተማሪው አንድን ወሬ ለአንዱ ጓደኛው በ4 ደቂቃ ይነግራል። ሰው ቀይሮ ያንኑ ወሬ በ3 ደቂቃ ይነግራል። እንደገና ቀይሮ በ2 ደቂቃ። በመጀመሪያው ይንገዳገዳል። በሦስተኛው ቃላቱን አግኝቷቸዋል፣ ይፈስለታል። ለአንድ ተማሪ 9 ደቂቃ ንግግር ነው። ለሁለቱም 18 ደቂቃ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ይህን አድርገን ጊዜም ይተርፈናል። ቅድም አንድ ደቂቃ ነበር ያልኩት፣ አስታውሱልኝ። ክፍሉ ግን ይንጫጫል። አጠገባችን የሚያስተምሩ ባልደረባዬ ጠብ የተነሳ መስሏቸው በሩን ከፍተው አይተውናል። ልጆቹ አልፎ አልፎ ወደ አማርኛ ይገባሉ። ጠፍቶባቸው አንድ ቃል በአማርኛ ቢሉ አልቆጣም፤ «ድር» ያለውን ልጅ ብቆጣው ኖሮ ስለ ማሽኑ አንሰማም ነበር።

ሳቁስ? እሱን የፈቱት ራሳቸው ናቸው። ከልክያቸው ነበር፣ ግን ክልከላ ሳቅን አያቆምም፤ በእጅ ያሸፍናል እንጂ። አንድ ቀን ያቺ አፏን የምትሸፍነው ልጅ ወሬ ጀምራ መሐል ላይ ተያዘች። ፊቷ ቀላ። ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ «አብሽሪ» አላት። ሌላኛውም «አብሽሪ»። በወሎ «አይዞሽ» ማለት ነው። ሻርፏን አወረደችና ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ደንብ ሆነ። የተያዘ ሰው ሲኖር ክፍሉ «አብሽር» ይላል፣ ይጠብቃል። ስሕተቱን እኔ እየሰማሁ ወረቀት ላይ እይዛለሁ። ማንንም መሐል ላይ አላቋርጥም። መጨረሻ ላይ ስም ሳልጠራ ሰሌዳ ላይ እጽፈውና አብረን እናርመዋለን።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አይመጣም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ነው። የኮሌጃችን የእንግሊዝኛ ፈተናም እንዲሁ። ተማሪው ከ1ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አፉን ከፍቶ ሳይመዘን ሊመረቅ ይችላል። የሚያከብብ እጅ ነው የምንመዝነው። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ይላታል። ድካሙ ገድሎት የሚመጣ የማታ ተማሪ ለማይመዘን ነገር ጊዜውን አይሰጥም፤ አልፈርድበትም። መምህሩም ቢሆን ያው ነው። ምዕራፉን መጨረስ አለበት።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኮሌጆቻችን በእንግሊዝኛ ኮርስ ከ100ው ማርክ 20ውን ለንግግር ይስጡ። ለዚህ ከላይ መመሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። መምህሩ ራሱ ከሚሰጠው ተከታታይ ምዘና ውስጥ ሊሆን ይችላል። እኔ ዘንድሮ አድርጌዋለሁ።

«46 ተማሪ በቃል መፈተን አይቻልም» ተብዬ ነበር። ይቻላል። ሁለት ሁለት አድርጌ ነው የፈተንኳቸው። 23 ጥንድ ናቸው፣ ለአንዱ ጥንድ 5 ደቂቃ፣ በድምሩ 115 ደቂቃ። በሦስት ክፍለ ጊዜ አለቀ። ተራው ያልደረሰው ውጭ ቁጭ ብሎ ይለማመዳል። ግቢው ውስጥ በየዛፉ ሥር እንግሊዝኛ ሲወራ መስማት ለእኔ አዲስ ነበር።

«ማርኩ በመምህሩ ስሜት ነው የሚሰጠው» የሚል ተቃውሞም ተነስቷል። ይህ ተገቢ ሥጋት ነው። አድልዎን ተማሪዎች በጣም ይፈራሉ፣ ደግሞም ልክ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም በስልኬ ቀዳሁ። አንድ ባልደረባዬ ስም ሳያዩ ድምፁን ሰምተው ለብቻቸው ማርክ ሰጡ። የሁለታችን ማርክ ከሦስት በላይ ሲለያይ አብረን ደግመን ሰማን። ከ46ቱ እንዲህ ያደረግነው ለአምስቱ ብቻ ነው። የምንመዝነው አራት ነገር ነው። ሰሚው ገባው ወይ? የተጠየቀውን መለሰ ወይ? ሲያዝ መንገድ ፈልጎ ቀጠለ ወይ? ጓደኛውን አዳመጠ ወይ? የአውሮፓ ምክር ቤት የቋንቋ መመዘኛ ስድስት ደረጃ አለው። እዚያ ላይ ከመካከለኛ ተማሪ የሚጠበቀው ያጋጠመውንና የሚመኘውን መናገር፣ ለሐሳቡም ባጭሩ ምክንያት መስጠት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ይችላሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አስተያየቱን ለጻፉት ወገኔም አንድ ቃል አለኝ። ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል ላሉት። ልክ ነዎት፣ ይውላሉ። እኔም ስልኩን ሥራ ሰጠሁት። በየሳምንቱ ዓርብ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይልኩልኛል። በእንግሊዝኛ፣ ስለፈለጉት ነገር። አንዳንዱ ከመላኩ በፊት አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሞ እንደሚቀዳ ነግሮኛል። ማንም ሳያስገድደው ያንን ሁሉ ልምምድ አደረገ ማለት ነው። ባለ ባጃጁ ሰው ሲጠብቅ ነው የሚቀዳው። ከጀርባው «ቦርከና! ቦርከና!» የሚል ጥሪ ይሰማል።

ያቺ የሻርፏ ልጅ በጥቅምት የላከችው የመጀመሪያ መልእክት 19 ሰከንድ ነበር። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ «ታንክ ዩ ቲቸር» ብላ ዘጋችው። በግንቦት የላከችው 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። እናቷ ለበዓል ዶሮ ሲሠሩ ሽንኩርቱ ለምን ያን ያህል ሰዓት መቁላላት እንዳለበት ነው የምታስረዳው። መሐል ላይ አንድ ቃል ይጠፋባታል። ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ በራሷ ድምፅ «አብሽሪ» ብላ ቀጠለች።

የምዘና ቅጹ አንድ ገጽ ነው። የሚፈልግ መምህር ካለ ስልኬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ፤ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ። ከሰኔው ፈተና በፊት ከሆነ ደግሞ ይደርሳል።

አክባሪያችሁ
የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ከኮምቦልቻ